የማክሰኞው አውቶቡስ

ፓሚ ጎድጓዳውን ሳህን ይዛ ስትገባ በአራሷ አልጋ ዙሪያ የተኮለኮሉት ሴቶች ወሬያቸውን ገትተው መንገድ ለቀቁላት። ሳህኑ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብ የተደረገበት ወተትና አንድ እፍኝ ሰርዶ አለ። የባል እህት የአራሷን ጡት በሰርዶ ካላጠበች በቀር በዚህ ቤት ሕፃን ጡት አይዝም። ልጅቷ ከተወለደች ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ እስካሁን የቀመሰችው በጣት የተላሰ ማር ብቻ ነው።

ሱክማኒ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። አማቷ ከግርጌ በኩል ወንበር አስመጥተው ፊት ለፊቷ ተሰይመዋል። ቤተሰቡም፣ የሩዝ ወፍጮው ሠራተኛም፣ የናባ ከተማ ገበያም ሴትዮዋን የሚጠራቸው ቢጂ እያለ ነው፤ እናታችን እንደማለት ነው። በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ካለ እስካሁን አልተገኘም።

የሱክማኒ ቀሚስ ሲፈታ የባሏ አክስቶች አንገታቸውን አሰገጉ። ፓሚ ሰርዶውን እየነከረች ቀኙን ጡት አጠበች፤ ግራውን ልትጀምር ስትል እጇ ለአፍታ ቆመ። ከጡቱ ጫፍ ሥር ክር የምታህል ነጭ ጠባሳ አለች። ፓሚ ቀና ብላ አየቻት። ሱክማኒ ዓይኗን ሰበረች። ፓሚ አጥባ ጨረሰችና የወጉን ልብስ ተቀብላ ተነሳች።

አንዲት አክስት ጠጋ ብላ ተመለከተችና ለአፍ የተመቸ ነው፣ እሰይ፣ ብላ መረቀች። ቢጂ ፈገግ አሉ። ያንን ፈገግታ ያየ ሰው ዕቃ ገዝቶ ጎረቤት ያደነቀለት ነጋዴ ይመስሉታል። ሕፃኗን አንስተው ለእናቷ ሰጧት። ልጅቷ ያዘች፤ ሳበች፤ እንደገና ሳበች። ከዚያ ለቀቀችና ቤቱን በጩኸት አናጋችው።

ሴቶቹ መጀመሪያ እንዲህ ነው፣ ይወርዳል፣ ተባባሉ። ሱክማኒ ግን ወደ በሩ አየች። በመጋረጃው ክፍተት ባሏ ታጅቢር ቆሟል፤ ዓይን ለዓይን ተገናኙ። ፈገግ አለላት። እሷም ፈገግ አለችለት። ይህን ሰው በሰው ፊት ከማዋርደው ሞቴን ያድርገው፣ አለች በልቧ።

*

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ ትርጉም አይሰጥም።

ሱክማኒ የልብስ ሰፊው የሐርባንስ ልጅ ናት። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች ያደገችው ከአባቷ የስፌት መኪና ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ነው። ከፍ ስትል ሥራዋ አባቷ በሜትር እየለካ የሚጠራውን ቁጥር ደብተር ላይ ማስፈር ሆነ። የወፍጮ ቤቱ ልጅ ታጅቢር ኮት ሊያሰፋ የገባ ቀን አባቷ "ደረት አርባ" ሲል ቀና አለች፤ ልኩ የሚወሰድለትም ሰውዬ እሷን እያየ ትንፋሹን ይዞ ነበር። በሳምንቱ ተመልሶ ቁልፉ ላላ አለ። በሌላ ሳምንት ገበሩ ተተረተረ አለ። እንዲያ ያለ ገበር በቢላ ካልሆነ በራሱ አይተረተርም፤ ሐርባንስም ያውቃል፣ ግን ዝም ብሎ ሰፋ።

ደብዳቤ የሚለዋወጡት በኪስ ነበር። እሱ ለጥገና በሚያመጣው ኮት የውስጥ ኪስ ይከታል፤ እሷም ስትመልስ እዚያው ኪስ ውስጥ ትመልሳለች። የመጀመሪያ ደብዳቤዋ ሁለት መስመር ናት፦ "ደረትህ አርባ አይደለም። ትንፋሽህን ስትለቀው ሠላሳ ስምንት ነው።" ሁለት ዓመት እንዲህ ተጻጻፉ። አንድም ቀን አንድም ደብዳቤ ከኪስ ጠፍቶ አያውቅም።

ቢጂ የልብስ ሰፊ ልጅ አላስገባም ሲሉ ታጅቢር እህል አልቀምስም ብሎ ሦስት ቀን ተኛ። ናባ ሁሉ ይህ ነው ፍቅር ብሎ አጨበጨበለት። ፓሚ በጓዳ በር በቅቤ የተጠበሰ ቂጣ ታቀብለው እንደነበር ሱክማኒ የሰማችው ከተጋቡ በኋላ ነው፤ ስትሰማም ከልቧ ሳቀች። ያኔ ባትስቅ ኖሮ ጥሩ ነበር።

ቢጂም እሺ ብለው ቀለበት ታስሮ ሠርጉ አንድ ወር ሲቀረው የሁለቱ ቤት ሴቶች የሲኮች ቤተ ጸሎት ወደሆነው ጉርድዋራ ሄደው ጸለዩ፤ ከኩሬው ታጠቡ። ለሴቶች በተከለለው ቦታ ልብስ ሲቀይሩ ፓሚ የሙሽራዋን ጡት አየች። ጫፎቹ ወደ ውስጥ የገቡ ናቸው፤ የሉም ማለት ይቻላል። ሱክማኒ እናት የላት፣ እህት የላት፤ ይህ ነገር ጉድለት መሆኑን የሚነግራት ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ እንደ መልኩ የተለያየ ነው ብላ ነው የኖረችው። ፓሚ ቤት ስትገባ ለእናቷ ነገረች።

ቢጂ በማግስቱ ሱክማኒን አስጠሯት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

"ነገ ልጅ ስትወልጂ ዘመድ ተሰብስቦ ጡት ይታጠባል" አሏት። "ምኑ ሊታጠብ ነው? በእኔ ቤት በሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይገለጥም። ወይ ትስተካከያለሽ፣ ወይ ቀለበቱን ትመልሺያለሽ።"

ሉዲያና ከተማ አንድ የቀዶ ጥገና ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። ሰውዬው ድምፁ ለስላሳ፣ አነጋገሩ የተመጠነ ነበር። መጀመሪያ እንዲህ ያላቸው ብዙ ሴቶች ትንሽ እርዳታ ካገኙ እንዲሁ ያጠባሉ አለ። ቢጂ እንዳልሰሙ ሆኑ። ሐኪሙ ቀጠለና ሁለት መንገድ አለ አላቸው። አንደኛው ጫፉን ቀስ እያሉ እየሳቡ በክር ደግፎ ማቆየት ነው፤ የወተቱን መስመር አይነካም፣ ግን ወር ይፈጃል፣ ተመልሶ ሊገባም ይችላል። ሁለተኛው ከሥር የያዘውን ቆርጦ ማውጣት ነው።

"የማይመለሰው የትኛው ነው?" አሉ ቢጂ።

"የሚቆረጠው። ግን እናቴ፣ የወተቱ መስመርም አብሮ ይቆረጣል። ምናልባት ማጥባት አትችልም።"

"ሠርጉ ሃያ ቀን ነው የቀረው። የሚቆረጠውን ያድርጉላት።"

ሐኪሙ ወደ ሱክማኒ ዞሮ ገብቶሻል ወይ አላት። ገብቷታል። እናንተም እንደኔ ታዲያ ለምን እሺ አለች ትሉ ይሆናል። እሺ ያለችው ታጅቢርን ስለምትወደው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለም፣ አልፈልግላትምም። ቀጠሮው ለማክሰኞ ተያዘ። ቢጂ ወደ ቤት ሲመለሱ በአባቷ ራስ ለማንም፣ ለታጅቢርም ቢሆን፣ እንዳትናገር አስማሏት። የማለችው ግን በአፏ ላለመናገር ነው።

ቅዳሜ ዕለት አባቷ የሠርጉን ኮት ጨረሰ። ሱክማኒ ተኩሳ፣ አጥፋ፣ የውስጥ ኪሱ ውስጥ ደብዳቤ ከተተች። እንዲህ ይላል፦

"ታጅቢር፣ ጡቴ እንደ ሌላ ሴት አይደለም። ጫፉ ወደ ውስጥ ነው። ሐኪሙ ቆርጦ ያወጣዋል፤ ከተቆረጠ ግን ልጃችንን ላላጠባ እችላለሁ። እናትህ ቆርጠው ወስነዋል፤ እኔ ግን ያንተን ልወቅ። ማክሰኞ በአራት ሰዓት በሉዲያናው አውቶቡስ እሄዳለሁ። እንዳለሁ ከወደድከኝ መናኸሪያው ና። ምንም እንድትናገር አልፈልግም። ብቻ ና፣ እኔ አይቼህ ከአውቶቡሱ እወርዳለሁ።"

ማክሰኞ የአራት ሰዓቱ አውቶቡስ መጣ። ሱክማኒ ራሴን አዞረኝ ብላ አሳለፈችው። የአምስት ሰዓቱ መጣ፤ ውሃ ልጠጣ ብላ አሳለፈችው። ዓይኗ ከመንገዱ አልተነቀለም። በስድስት ሰዓቱ ቢጂ ክንዷን ይዘው አሳፈሯት፤ ከቦርሳቸው ሄል አውጥተውም ለማዞሩ ጥሩ ነው ብለው እጇ ላይ አኖሩላት። ሱክማኒ ሉዲያና እስክትደርስ ድረስ ያንን ሄል በጡጫዋ እንደጨበጠች ነበር።

*

ከሠርጉ በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ ብቻቸውን ሆነው ሲጨዋወቱ፣ ኮቱ ሲደርስህ ኪሱ ውስጥ ምንም አላገኘህም ወይ አለችው። ታጅቢር ትንሽ አሰበ። ኮቱን የተቀበለችው ፓሚ ናት፣ እኔ ጋ ሲደርስ ኪሱ ባዶ ነበር፣ ምነው፣ አላት።

ሱክማኒ ምንም አለችና ፊቷን ትራሱ ላይ ቀብራ አለቀሰች። የደስታ ለቅሶ ነው። አልደረሰውማ! ቢደርሰው ኖሮ ይመጣ ነበራ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ፓሚን ጠላቻት፤ ታጅቢርን ደግሞ እንደ አዲስ ወደደችው። ምስጢሩንም ዋጥ አድርጋ ያዘችው፤ መሐላው ብቻ አይደለም፣ ቢሰማ በእናቱ ያዝናል፣ ቤት ይፈርሳል ብላ ነው። ዓመት ሙሉ የደበቀችው እሱን ላለማሳዘን ነው፤ እግዜር ያሳያችሁ።

የጡት ማጠቡ ወግ ካለፈ በኋላ ወተቱ አልወረደም። ጡቷ አበጠ፣ ጋለ፣ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ትኩሳት አንቀጠቀጣት፤ ከዚያ በአሥረኛው ቀን ቀስ ብሎ ጎደለና ተኛ። ጠብታ አልወጣም። ልጅቷ ከሲታ ሆነች፤ የዱቄት ወተት በጡጦ ተጀመረ። ቢጂ በየቀኑ አዲስ ነገር አያጡም። አንድ ቀን የልብስ ሰፊ ልጅ ቁርጥራጭ እንጂ ሙሉ ነገር የት ታውቃለች አሉ። ሌላ ቀን ወንድ ቢሆን ወተቱም ይመጣ ነበር አሉ። ስም የሚወጣው ጉርድዋራው ተሄዶ ነውና ሴት ልጅ ናት ምን ያስቸኩላል ብለው አርባ ቀን ሙሉ ልጅቷን ያለ ስም አስቀመጧት። ለጎረቤት ደግሞ የደረቀው ልቧ ነው፣ ለልጃችን ወተቷን ነፍጋ ነው፣ እያሉ ያወራሉ።

እኚህ ሴትዮ ሐኪሙ ያለውን በገዛ ጆሯቸው ሰምተዋል። ይህን አትርሱ። ሱክማኒም አልረሳችም፤ ቢጂ አንድ ቀን ልባቸው ይራራና ጥፋቱ የእኔ ነው ይላሉ ብላ ትጠብቅ ነበር።

ለወጉ የመጣችው ፓሚ ወደ ባሏ ቤት ልትመለስ ስትል የሱክማኒን ክፍል ከውስጥ ዘጋችው።

"ሙሽሪት፣ ጠባሳሽን አይቻለሁ" አለቻት። "ለእናቴ የነገርኳት ሐኪም እንድታሳይሽ ነበር። እንዲህ መቁረጥ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።"

"ደብዳቤዬንስ ለምን ወሰድሽው እትዬ ፓሚ?"

"የምን ደብዳቤ?"

ሱክማኒ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ፓሚ በሩን ከፍታ ወጣች። ውሸታም፣ አለች ሱክማኒ በልቧ፤ የጠላችውን ሰው ስታማ ቀለል ይላት ነበር።

*

በዚያ ቤት ለሁለቱ ብቻ የሆነ ሰዓት ጠዋት ነው። ታጅቢር ጥምጣሙን ከመጠምጠሙ በፊት ረጅሙ ጨርቅ በሁለት ሰው ተይዞ ይወጠራል፣ ይታጠፋል። አንዱን ጫፍ እሱ ይይዛል፣ ሌላውን እሷ። ከክፍሉ ጥግ እስከ ጥግ ተወጥሮ እሱ ከወዲያ እያጠፈ ሲቀርብ እሷም ከወዲህ እያጠፈች ትቀርባለች፤ ጨርቁ ሲያልቅ እጅ ለእጅ ይገናኛሉ። በዓመት ውስጥ አንድም ቀን ዓይኗን ከዓይኑ ሳታገናኝ ያን ጨርቅ አጥፋ አታውቅም።

በአርባኛው ቀን ዋዜማ ቢጂ ለነገ ለጠሩት የዘመድ ጉባኤ ጽጌረዳ ቀለም ያለውን ጥምጣሜን አውጪልኝ አላት። የቀለበታቸው ጊዜ ያሰረው ነው። ከሣጥኑ ሥር ጎትታ ስታራግፈው ከእጥፋቱ መሃል ደብዳቤ ከነፖስታው ዱብ አለ።

የራሷን ጽሕፈት አወቀችው። ፖስታው በቢላ ቀጥ ተደርጎ ተከፍቷል። ወረቀቱ ደጋግሞ ከመታጠፉ የተነሳ በመሃሉ ሊበጠስ ደርሷል። አንዴ ብቻ የተነበበ ደብዳቤ እንዲህ አያረጅም።

ታጅቢር ጢሙን እያበጠረ ከመታጠቢያ ቤት ወጣ። እጇ ላይ ያለውን አየና ማበጠሪያው ባለበት ቀረ።

"ደርሶህ ነበር" አለችው።

ማበጠሪያውን ከጢሙ አወረደው።

"መቼ አነበብከው? ከማክሰኞ በፊት?"

"ቅዳሜ ማታ" አለ። ቀስ ብሎ አልጋው ላይ ተቀመጠ። "ሱክማኒ፣ ስሚኝ። ብመጣ ኖሮ ቢጂ ሠርጉን ታፈርሰው ነበር። ደግሞ ሦስት ቀን ነው፣ ቀላል ነገር ነው አለችኝ። ሄደሽ ከዳንሽ ሁላችንም ሰላም እናገኛለን ብዬ አሰብኩ።"

"ላላጠባ እችላለሁ ብዬ ጽፌልህ ነበር።"

"እችላለሁ ነው ያልሽው። አላጠባም አላልሽም።"

ሱክማኒ ሳቀች። ራሷም የማታውቀው አሳቅ ነበር። "ለምን ዋሸኸኝ? በእህትህ ለምን አላከክ? ዓመት ሙሉ ፓሚን ስረግም እየሰማህ።"

ታጅቢር ማልቀስ ጀመረ። ቆንጆ ሰው ነው፤ ሲያለቅስም ያምርበታል።

"ኪሱ ባዶ ነበር ስልሽ ያየሽኝ አስተያየት" አለ። "እንደዚያ አድርጎ ያየኝ ሰው የለም። ያንን ዓይንሽን ላጣው አልቻልኩም።"

ይህን ሲላት፣ ፈጣሪ ይቅር ይበላት፣ ልቧ ራራ። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ቢላውን የያዘው ሰው ሲያለቅስ የተቆረጠው ያባብላል። አጠገቡ ተቀመጠች። ነገ ዘመድ ሲሰበሰብ እናትህ ሊያባርሩኝ ነው አለችው፤ አውቃለሁ አለ። እኔ በአባቴ ራስ ምያለሁ፣ ብናገርም የሚያምነኝ የለም፣ አንተ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገር፣ ወተቱ የደረቀው እኛ ስላስቆረጥነው ነው በል፣ ከዚያ ወዲያ እኔ ያለፈውን ሁሉ እረሳለሁ አለችው።

"እላለሁ" አለ ታጅቢር። እጇንም ይዞ ማለ።

አመነችው። ጥምጣሙን ይዘው ወጠሩ፤ እያጠፉ ተቃረቡ፤ ጨርቁ ሲያልቅ እጆቻቸው ተገናኙ። ከሠርጋቸው ቀን ይልቅ ያን ጠዋት ሚስቱ የሆነች መሰላት።

*

በማግስቱ ሳሎኑ ሞልቶ ነበር። የታጅቢር አባት ታላቅ ወንድም፣ ነጭ ጢማቸውን ደረታቸው ላይ ያሳረፉ ሽማግሌ፣ መሃል ላይ ተቀምጠዋል። ፓሚም ከባሏ ቤት መጥታለች። በስኳርና በቅቤ የታሸ የአራስ ዱቄት በሳህን ይዞራል፤ ሰው ያላምጣል። ሱክማኒ ልጇን ታቅፋ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ደብዳቤውን እጅጌዋ ውስጥ ይዛዋለች።

ቢጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይቺ ልጅ ደክማለች፣ አባቷ አሁን ሉዲያና ወንድሙ ዘንድ ነው ያለው፣ እዚያ ሄዳ ትረፍ፣ ወተቷ ሲመጣ ትመጣለች፣ ሕፃኗንም ይዛ ትሂድ፣ አሉ። በአርባ ቀን ያልመጣ ወተት ከእንግዲህ እንደማይመጣ እዚያ የተቀመጠች ሴት ሁሉ ታውቃለች። ሁሉም ሳህኑ ላይ አቀረቀረ።

ፓሚ ብቻ ቀና አለች። "ቢጂ፣ እኔ ሳጥባት ያየሁት..." ብላ ጀመረች። ቢጂ ዞረው አዩዋት። ፓሚ ቃሏን ዋጠችና ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

ሽማግሌው ደግ ሰው ነበሩ። "ታጅቢር" አሉ፣ "ሚስትህ ናት። አንተ የምትለው ነገር የለህም?"

ሱክማኒ ዓይኗን ጣለችበት። ያ ጽጌረዳ ጥምጣም፣ ያ ልኩን የጻፈችው ደረት። ታጅቢር ወደ እሷ አየ፤ ከዚያ ወደ እናቱ አየ። ቢጂ ምንም አላደረጉም፤ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ይወለውሉ ነበር።

ሱክማኒ ተነሳች። ሳሎኑን አቋርጣ ሄዳ ደብዳቤውን እጁ ላይ አኖረችው።

"ብቻህን ብዙ ጊዜ አንብበኸዋል" አለችው። "ዛሬ ጮክ ብለህ አንብበው።"

ታጅቢር ወረቀቱን ዘረጋ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሽማግሌው ጆሯቸውን አዘነበሉ። ሱክማኒ ከሱ አንድ እርምጃ ርቃ፣ ልጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ የመጀመሪያውን ቃል ጠበቀች። ስሙ ነበር የመጀመሪያው ቃል። የራሱን ስም ብቻ ቢጠራ እንኳ ሌላውን እሷ ትጨርስለት ነበር።

ወረቀቱን መልሶ አጠፈው። የውስጥ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

"የግል ነገር ነው" አለ። "ቢጂ ያለችው... ለጥቂት ጊዜ ነው። ሂጂና እረፊ። እኔ እመጣለሁ።"

ሽማግሌው መልካም አሉና የቀረበላቸውን ሻይ አነሱ። ሱክማኒ እዚያው እንደቆመች ነበር። አላለቀሰችም፤ ለቅሶው ከየት እንደሚመጣ ጠፍቶባት ነበር።

*

ያው መናኸሪያ ነው። ያው ለውዝ ሻጭ፣ ያው የተሰነጠቀ የሲሚንቶ አግዳሚ። ዕለቱ ግን ማክሰኞ ሳይሆን ሐሙስ ነበር። ሱክማኒ ዛሬ አንድም አውቶቡስ አላሳለፈችም፤ የመጀመሪያው እንደመጣ ገብታ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ሻንጣዋን ለመያዝ አብሯት የመጣ ሰው የለም። ልጅቷ ከእንቅልፏ ነቅታ ፊቷን ደረቷ ላይ ታሻሻለች፤ ጨርቁን በአፏ ትፈልጋለች።

ሞተሩ ተነሳ። ሱክማኒ ከቤት ስትወጣ ወደ ኋላ አላይም ብላ ነበር፤ አየች። ከለውዝ ሻጩ ጀርባ፣ በሰው መሃል፣ ጽጌረዳ ቀለም ጥምጣም እየሮጠ ይመጣል።

ልቧ ዘለለ። ያን ሁሉ አይቶ፣ ያን ሁሉ ሰምቶ፣ ያ ሞኝ ልቧ እንደገና ዘለለ። መጣ! መናኸሪያው ድረስ መጣ! ዓመት ዘግይቶ ይሁን እንጂ መጣ። ምንም እንድትናገር አልፈልግም፣ ብቻ ና፣ ብላ የጻፈችለት ትዝ አላት። አሁንም ቃሏ ቃል ነው። ሻንጣዋን በእግሯ ወደ መተላለፊያው ገፋችው፤ በአንድ እጇ ልጇን አቅፋ በሌላው መስታወቱን ከፈተች።

ታጅቢር መስኮቱ ሥር ደረሰ። ትንፋሹ ተቆራርጧል፣ ፊቱ በላብ ወዝቷል፣ ዓይኖቹ እንባ አቅርረዋል። እጁን ወደ እሷ ዘረጋ። እጁ ላይ ጡጦ አለ።

"ረስተሽው ሄድሽ" አለ። "ቢጂ ናት ሩጥ ያለችኝ። መንገድ ላይ ትርባለች አለች።"

ሱክማኒ ጡጦውን አየች። እጁን አየች። ከዚያ ለብዙ ጊዜ ፊቱን አየችው፤ ሌላ ነገር ይኖረው እንደሆነ።

አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ጀመረ። ታጅቢር ከጎን ጎን እየተራመደ "ስትደርሺ ጻፊልኝ" አላት።

"ላንተ መጻፍ ይበቃኛል" አለችው። "አንተ ማንበብ ብቻ ነው የምታውቀው።"

የተቀበለችውን ጡጦ በመስኮቱ ልትወረውርለት እጇ ተነስቶ ነበር። ደረቷ ላይ ግን ልጅቷ ጨርቁን ለቃ መጮህ ጀመረች፤ ስም የሌላት፣ ከዚያ ቤት ከጩኸትና ከረሃብ በቀር ምንም ይዛ ያልወጣች ልጅ። አጠገቧ የተቀመጠች ገበሬ ሴት ዞር አለችና በደግነት፣ ልጄ፣ ለምን ጡት አትሰጫትም፣ ማንም አያይሽም፣ እኔ በነጠላዬ እጋርድሻለሁ፣ አለቻት።

ሱክማኒ መስታወቱን ዘጋች። ጡጦውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና የልጇ አፍ ውስጥ አስገባች። ወተቱ ገና ትኩስ ነበር፤ ቢጂ ራሳቸው ናቸው ያሞቁት። ልጅቷም ርቧት ነበርና እስከ መጨረሻው ጠጣችው።